መጀመሪያ ጌጁን አምጡ

በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር የቆመ ባክሆ ሎደር አሶሳ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ምን ነካው ብላችሁ ጠይቁ፤ ዘበኛውም ሳይቀር መልስ አለው። "ፓምፑ ሞቷል።" ማን አለ? ኦፕሬተሩ። ወይም ከአዲስ አበባ ለሌላ ሥራ መጥቶ የነበረ መካኒክ በመስኮት አይቶት። ወይም "ድምፁ ያስታውቃል"። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፓምፕ ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ይጻፋል፤ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ክረምቱ ይገባል፤ ሣሩ ጎማውን ያልፋል። የአሶሳ ሣር ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

እኔ የምለው፣ ከነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹን ያቆማቸው እርጅና ሳይሆን ግምት ነው። ሁሉም ይነሣል አልልም። ሞተሩ የተሰነጠቀ፣ ሻሲው የተቆለመመ አለ፤ እሱን ለመለዋወጫ አርዶ መገላገል ነው። ነገር ግን በእጄ ካለፉት ውስጥ የሚበዙት የሃይድሮሊክ ሕመምተኞች ናቸው፤ የሃይድሮሊክ ሕመም ደግሞ የሚለካ ነው። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ከሁሉ አስቀድማ ክንዳችን ላይ የምታስረው የግፊት መለኪያ ነው። ለእኛ ማሽን ግን ሳንለካ ቀዶ ጥገና እናዛለን።

ሥራዬ የከባድ ማሽን ጥገና ነው። ወላጆቼ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት ናቸው፤ እኔም መገሌ ነው ያደግኩት። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ፓዊ፣ ጣና በለስ ፕሮጀክት ላይ ከጣሊያኖች ጋር የሠሩ ነበሩ። ያ ፕሮጀክት በ1978 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራውን የያዘው ሳሊኒ ነበር፤ ይኸው ኩባንያ ከ25 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለለትን የህዳሴ ግድብ ሊሠራ ወደዚያው ወደ መተከል ዞን፣ ጉባ ተመልሷል። አለቃዬ ከፓዊ የተረፋቸው ዕቃ አንድ ማኖሜትር፣ ዛሬ ጌጅ የምንለው የግፊት መለኪያ፣ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥኑ ሥር ያኖሩታል። ካቻቢቴም፣ ፒንሳም፣ ኪያቭም ለጎረቤት ያውሳሉ፤ ማኖሜትሩን ግን ለወንድማቸውም አያውሱም ነበር። ያኔ ንፉግነት ይመስለኝ ነበር።

አሮጌ ባክሆ ውስጥ የሚካሄደው ነገር ምሥጢር የለውም። ዘይቱ ከታንከሩ በመምጠጫ ቱቦ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ፓምፑ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይፈጥርም፤ ግፊቱ የሚፈጠረው የዘይቱን መንገድ ጭነት ሲዘጋበት ነው። ከልክ እንዳያልፍ ዋናው ሪሊፍ ቫልቭ ትርፉን ወደ ታንከር ይመልሰዋል። ቀጥሎ ማንሻዎቹ የታሰሩበት የቫልቭ ብሎክ፣ ቱቦዎቹ፣ ሲሊንደሮቹ፤ ከዚያ በፊልትሮ አልፎ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ሒሳቡም የሰባተኛ ክፍል ነው። የውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ወደ 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር የፒስተን ፊት አለው። 200 ባር ሲደርሰው 16 ቶን ገደማ ይገፋል። ግፊቱ 120 ባር ላይ ከቀረ 10 ቶን እንኳ አይሞላም። ማሽኑ ያው ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ናፍጣው ይበላል፤ የባምባሲን ቀይ አፈር ግን አይነቅልም። ባለቤቱ የሚያየው "ፓምፑ ሞቷል" የሚለውን ነው፤ የጎደለው ግን 80 ባር ነው፤ 80 ባር ደግሞ በብዙ በር ሊጠፋ ይችላል።

ጌጁ ከመታሰሩ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ገንዘብ አይጠይቁም። ድክመቱ በሁሉም ላይ ነው ወይስ በአንዱ? የፊቱ ሎደር፣ የኋላው ክንድና ደጋፊ እግሮቹ አንድ ላይ ከደከሙ ችግሩ ሁሉም የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው፤ ዘይቱ፣ መምጠጫው፣ ፓምፑ፣ ዋናው ሪሊፍ። የኋላው ክንድ ብቻ ደክሞ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ፓምፑን ተዉት። ባለሁለት ክፍል ፓምፕ ካልሆነ በቀር፣ ፓምፕ አንዱን ክንድ ወዶ ሌላውን ሊጠላ አይችልም።

ቀጥሎ ጆሮ ነው። ማንሻውን እስከ መጨረሻው ያዙት፤ ሲሊንደሩ ጫፉ ላይ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ሞተሩ ያቃስታል? ካቃሰተ ፓምፑ እየገፋ ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ዘይቱ በቀላሉ እያመለጠ ነው፤ ወይ እዚያው ፓምፑ ውስጥ፣ ወይ በሪሊፉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ጆሮ አይነግራችሁም።

ከዚያ ሰዓቱ። አንድ የሸርቆሌ ልጅ፣ ኦፕሬተር፣ "ጋሼ፣ ጠዋት አንበሳ ነው፤ ከምሳ በኋላ ይተኛል" ብሎኛል። ከዚህ የተሻለ ምርመራ በገንዘብ አይገኝም። ሲቀዘቅዝ ብርቱ፣ ሲሞቅ ደካማ የሆነ ማሽን ውስጡ ተበልቷል፤ ዘይቱ ሲቀጥን በተበላው ክፍተት ይሾልካል። ወይም ደግሞ የተሞላበት ዘይት ለአገሩ የቀጠነ ነው። ጠዋት ሲነሣ የሚያላዝን ፓምፕ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው፤ የሚጠጣው አጥቷል። የመምጠጫው ወንፊት ተደፍኗል፤ ወይም ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ተላጦ ተጨፍልቋል። ታንከሩን ክፈቱና እዩ፤ ዘይቱ አረፋ ከያዘ በመምጠጫው በኩል አየር እየሳበ ነው፤ መልኩ ወተት ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። እስካሁን አንድ ቡሎን አልፈታንም፤ ግን ከግማሽ በላዩን መንገድ ሄደናል።

አንድ መሥሪያ ቤት ማሽኑን እንዳይለት ጠርቶኝ ያውቃል። ስሙን ልተወው። እንዳይ ማለቴ ስህተት ነው፤ የፓምፑ ግዥ ወረቀት ተፈርሞ ስለነበር የተፈለግኩት ዕቃው ሲመጣ እንድገጥመው ነው። እስኪ መጀመሪያ ላሙቀው አልኩ። ዘይቱ ሲሞቅ ጌጁን አሰርኩ፤ 90 ባር። የትኛውንም ማንሻ ብስብ ያው 90 ነው። ሪሊፉን ፈትቼ ሳወጣው መቀመጫው ላይ የኦሪንግ ቁራጭ ተነክሶ ተቀምጧል። አጥቤ መለስኩት፤ መርፌው አምራቹ ካዘዘው ቁጥር ላይ ወጥቶ ቆመ። ቁራጩ ከየት መጣ ያልን እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት "ሲል ቀይረንለታል" ካሉ ሰዎች እጅ ነው፤ በሙቀት የማይበረታ ርካሽ ጎማ ገጥመው፣ ተሰባብሮ ከዘይቱ ጋር ሲዞር የኖረ። እኔ የጠየቅኩት የግማሽ ቀን ዋጋ ነበር። የግዥ ሠራተኛው ግን ደስ ከማለት ይልቅ ተጨነቀ፤ "ለተፈረመው ወረቀት ምን ብዬ ልመልስ?" ነበር ያለኝ። የእኔን ክፍያም ለማወራረድ ተቸገረ፤ ፓምፕ ዕቃ ነው፣ በሞዴል ገቢ ይሆናል፤ ምርመራ ግን መጋዘን አይገባም። በዚህ አሠራር መካኒክ ዕቃ የመሸጥ ያህል ልኬትን እንዲወድ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አሁን የሙያ ወዳጆቼን ወደማስቀይምበት ነገር ልግባ። ሎደሩ ተነሥቶ፣ ማንሻው ተለቆ፣ ክንዱ በራሱ ቀስ እያለ ከወረደ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ "የፒስተን ሲል ነው" ይላል። ሲሊንደሩ ወርዶ ይፈታል፤ ሲል ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ይመጣል፤ ይገጠማል፤ ክንዱ መውረዱን ይቀጥላል። ያኔ "ሲሉ ኦሪጅናል አይደለም" ይባልና ሌላ ይገዛል። ነገሩን በወረቀት ላይ ሥሩት። የሎደሩ ክብደት ዘንጉን ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገፋዋል። ሲሉ ተበልቶ ዘይቱ ከፒስተኑ አንዱ ወገን ወደ ሌላው ቢያልፍ እንኳ፣ የሚገባው ዘንግ ራሱ ቦታ ይፈልጋል፤ ያን ያህል ዘይት ከሲሊንደሩ መውጣት አለበት። ሁለቱ በሮች በቫልቭ ብሎኩ ጥርቅም ብለው ከተዘጉ መውጫ የለውም፤ ግፊቱ ይጨምርና ክንዱ ይቆማል። ካልቆመ ዘይት በሆነ በር እየወጣ ነው ማለት ነው። በዘንጉ አፍ ወደ ውጭ ከሆነ በዐይን ይታያል። ካልታየ ቫልቭ ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ማንሻው በሚያንቀሳቅሰው፣ በተበላው ስፑል ወይም በዚያ ክንድ ረዳት ሪሊፍ። የተበላ ሲል ንጹሕ ነው አላልኩም፤ ግፊቱን ከፍ አድርጎ የብሎኩን ማፍሰስ ያብሳል፣ የክንዱንም ጉልበት ይሰርቃል። ብቻውን ግን ክንድ አያወርድም።

ሲሉን መጠርጠር መብት ነው፤ ግን ሳይፈታም ይሞከራል። ሲሊንደሩን እስከ ጫፉ ዘርጉት፤ ክንዱን በጠንካራ ነገር ደግፉ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ማንሻዎቹን አነቃንቁና ግፊቱን አውጡ። በዘንጉ ወገን ያለውን ቱቦ ፍቱት፤ የቱቦውን አፍ ድፈኑ፤ ሲሊንደሩ ላይ የቀረውን አፍ ወደ ባልዲ አዙሩት። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታችሁ በመዘርጋት በኩል ግፊት ስጡት። ዘይቱ ሳያቋርጥ ከመጣ ሲሉ አልቋል። ጠብ ጠብ ብሎ ከቆመ ሲሊንደሩን አትንኩት፤ ወደ ብሎኩ ሂዱ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ነው። ከቱቦ የሚያፈስ ቀዳዳ በእጅ አይፈለግም። በ200 ባር የሚወጣ ዘይት በዐይን የማይታይ ቀጭን ክር ሆኖ ጓንትንም ቆዳንም ይወጋል። ሲወጋ ብዙም አያምም፤ የመርፌ ነጥብ ያህል ምልክት ይተዋል፤ ሥጋው ግን ከውስጥ መሞት ይጀምራል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። የካርቶን ቁራጭ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ዘይት ሲታይ ቀዳዳው ተገኘ። የተነሣ ባኬት ሥር ደግሞ ማንም፣ ለምንም፣ ለአንድ ደቂቃም አይገባም።

የዘይት ነገር በእኛ አገር ለብቻው ይነሣ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ለጠዋቱ ብርድ የተመረጠ ዘይት እዚህ አይሠራም። አሶሳ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ትላለች፤ ኩርሙክና ጉባ ደግሞ ከአሶሳም በታች ናቸው። የህዳሴው ሐይቅ ሲሞላ ውኃው የሚቆመው ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ነው። በየካቲትና በመጋቢት እዚያ አካባቢ የማሽን ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። ብዙ አምራቾች ለሙቅ አገር 46 ቁጥር፣ ለቀዝቃዛ 32 ቁጥር ያዛሉ። ቁጥሩ ዘይቱ በ40 ዲግሪ ያለው ውፍረት ነው፤ 46 የነበረው 100 ዲግሪ ላይ 7 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ 32 ተሞልቶ ከአዲስ አበባ የወረደ ማሽን ኩርሙክ ላይ ከቀትር በኋላ ቢዝል በፓምፑ አይፈረድበትም። በዚያ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በአቧራና በሣር ፍሬ ተደፍኖ፣ ለዓመታት ውኃ አይቶ የማያውቅ ሆኖ ይገኛል። ከራዲያተሩ ጋር አብሮ ማጠብ የጠዋት ሥራ ነው፤ ከጀርባው በኩል፣ ግፊቱ ዝቅ ባለ ውኃ።

ቆሻሻው ከሙቀቱ ይከፋል። በፓምፕ ጥርስና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ የታንከሩ ክዳን ጠፍቶ አፉ በቡትቶ የተወተፈ ማሽን ስንት አይቻለሁ። በጋውን አቧራ፣ ክረምቱን ውኃ ያስገባል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፤ የመመለሻው ፊልትሮ ሲደፈን ማሽኑን አያቆምም። ማሳለፊያው ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ይዞራል። ኦፕሬተሩ ምንም አይሰማውም፣ ባለቤቱም "ፊልትሮው እስካሁን ደህና ነው" ይላል፤ ፓምፑ ግን በየቀኑ እየተፋቀ ነው። ከበርሜል የሚቀዳ አዲስ ዘይትም አዲስ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ አይደለም፤ ተጣርቶ ይግባ። ከሁሉ የሚያናድደኝ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መሬት ላይ ውሎ በተነሣ፣ የሚቀዳው ዘይት ነው።

ፓምፕ በእውነት ሲሞትስ? ይሞታል። ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ሪሊፉ ንጹሕ ሆኖ፣ መምጠጫው ክፍት ሆኖ፣ ዘይቱ ልክ ሆኖ፣ ፊልትሮው ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከተገኘ ሞቷል፤ ግዙ። ያኔም ታንከሩና ቱቦዎቹ ሳይታጠቡ አዲሱ አይገጠም፤ የአሮጌው ብናኝ አዲሱን ይበላዋል። ግዥው ደግሞ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ከዚያ ወዲህ ቁልቁል አላየም። ዕቃው በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰን፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ በአውሮፕላን፣ አለበለዚያ መጠበቅ ነው። ደርሶም ጥርሱ እምቢ ሊል ይችላል፤ የእንግሊዙና የአሜሪካው ማሽን የቱቦ አፍ ጥርስ አንድ አይደለም። ይህን ሁሉ መከራ በግምት መጀመር ለእኔ አይገባኝም። አንድ ደህና ጌጅ ከነቱቦውና ከነአፎቹ ከአዲስ ፓምፕ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አንዴ ተገዝቶም ለሁሉም ማሽን ይሆናል።

አሮጌውን ሽጣችሁ አዲስ ግዙ የሚሉኝም አሉ፤ በተለይ አሁን የወርቁ ሥራ ወደ መንጌና ወደ ኩርሙክ ማሽን ሲስብ። አቅም ያለው ይግዛ። ግን አዲሱ ማሽን ሲቆም ኮምፒዩተሩ የሚያወጣውን ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ይፈልጋል፤ እስኪመጣ ድረስ እሱም ማንጎ ሥር ነው የሚከርመው። አሮጌው በቁልፍና በጌጅ ይገባችኋል። እዚህ ብዙ ሰው ባክሆን ሁሉ በስሙ የሚጠራበት ጄሲቢ እንኳ የተጀመረው ጆሴፍ ሲሪል ባምፎርድ እ.ኤ.አ. በ1945 እንግሊዝ ውስጥ፣ ዩቶክሲተር ከተማ፣ በጠባብ ጋራዥ ከጦርነት ትርፍራፊ ብረት ተጎታች ጋሪ ሲበይድ ነው፤ የመጀመሪያውን ባክሆ ሎደሩን ያወጣው በ1953 ነው። ከዚያ ወዲህ በአሮጌዎቹ ላይ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ፓምፕ፣ ሪሊፍ፣ ስፑል፣ ሲሊንደር የሚለው መስመር ግን አልተለወጠም። የአሶሳ ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ በአንድ የትምህርት ወቅት ሊጨብጠው የሚችል ዕውቀት ነው፤ የቆመ ማሽን ከግቢ ወጥቶ ለመማሪያ ከተሰጠው።

መሥሪያ ቤቶቻችን ለዚህ ትልቅ ፕሮጀክት አያሻቸውም። እያንዳንዱ ማሽን ደብተር ይኑረው፤ ደህና በሆነበት ቀን፣ ዘይቱ ሞቆ፣ የሁሉም ክንድ ግፊት ተለክቶ ይጻፍ። ሲታመም የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው። ለምርመራ የሚከፈል ክፍያ እንደ ዕቃ ግዥው ሁሉ የታወቀ መንገድ ይበጅለት። የወረዳና የቢሮ ፋይናንስ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልን፤ ማንም መካኒክ፣ እኔም ብሆን፣ ፓምፕ ይገዛ የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ ስንት ባር እንዳነበበ፣ ዘይቱ ስንት ዲግሪ እንደነበረና ሞተሩ በስንት ዙር ይሠራ እንደነበር ካልጻፈበት አትፈርሙ።